የማይለጠፈው ስድስት ሳምንት

ማስታወቂያውን ሁላችሁም አይታችሁታል። በግራ በኩል ልብሷ የጠበባት፣ ፊቷ የከፋው ሴት። በቀኝ በኩል ያቺው ሴት ወገቧ ቀጥኖ፣ ፈገግ ብላ። በመሃል አንዲት ቀስት። ከሥር የዋትሳፕ ቁጥርና «ኢስታንቡል፣ ሁሉን ያካተተ ጥቅል» የሚል ጽሑፍ። ሆቴል አለ፣ ከኤርፖርት የሚቀበል መኪና አለ፣ አስተርጓሚ አለ። ሁሉን ያካተተው ጥቅል ስለዚያች ቀስት ግን አንድም ቃል አይናገርም።

ዛሬ የምጽፈው ስለ ቀስቷ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይያዝልኝ። «ሰነፍ ስለሆነ ነው፣ በደንብ ቢጾም ይከሳ ነበር» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ከባድ ውፍረት በሽታ ነው፤ ቀዶ ሕክምናውም የሚሠራ ሕክምና ነው። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረው ትልቅ ጥናት ከ4 ሺህ በላይ ሰዎችን በአማካይ 11 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከታትሎ በ2007 ውጤቱን ሲያወጣ፣ ቀዶ ሕክምና ያደረጉት ሰዎች የመሞት ዕድል ካላደረጉት በ29 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ ከቢላው ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከሻጩ ጋር ነው።

ሻጩ የማይነግራችሁ ምንድን ነው? «ስሊቭ» የሚባለውን እንውሰድ። ከጨጓራችሁ ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ በላይ ተቆርጦ ይወጣል። የሚቀረው ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ጠርዙ በብረት ስፌት ከላይ እስከ ታች ተያይዟል። ለቀዶ ጥገናው ሆዳችሁ በጋዝ ተነፍቶ ስለነበር የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትከሻችሁን ሳይቀር ያማችኋል። ውሃ በጉንጭ መጠጣት አበቃ፤ በትንሽ በትንሹ እየተጎነጩ አንዲት የቡና ሲኒ መጨረስ ራሱ ሥራ ይሆናል። በቀን ደግሞ ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ያስፈልጋል። ቁጭ ብላችሁ ስታሰሉት ቀኑን ሙሉ ስትጎነጩ ትውላላችሁ ማለት ነው። አንድ ሁለት ሳምንት ፈሳሽ ብቻ። ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ፤ ወደ መደበኛው ገበታ ለመጠጋት ስድስት፣ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። በቀን 60 ግራምና ከዚያ በላይ ፕሮቲን አግኙ ትባላላችሁ፤ ሦስት ማንኪያ ስትጎርሱ ደግሞ ጠግባችኋል።

ከዚያ ሦስተኛው ሳምንት ይመጣል። ሚዛኑ ይቆማል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሰበረው እዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሚቀንሰው ኪሎ ብዙው ውሃ ነው። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ያከማቸውን ስኳር ሲጨርስ አብሮት የተያዘው ውሃ ይወጣል፤ ኪሎው እንደ ጉድ ይወርዳል። ከዚያ ሰውነት ራሱን ያስተካክላል፤ ስቡ እየቀለጠም ቢሆን ሚዛኑ ለሳምንት፣ አንዳንዴ ለሁለት ሳምንት ንቅንቅ አይልም። ባለሙያዎቹ ይህን አሳምረው ያውቁታል፤ የተለመደ ነው። ከእቁብ ያወጣች፣ ከውጭ ዘመድ የተበደረች፣ ለማንም ሳትናገር ሄዳ የመጣች ሴት ግን አታውቀውም። ሌሊት ተነስታ ሚዛን ላይ ትወጣለች። «በእኔ ላይ አልሠራም» ትላለች። አንዷ ያንኑ ጥቂት ፕሮቲን ትተወዋለች፣ ሌላዋ «ለመሞከር» እንጀራ ትጎርሳለች። ለደላላው ብትጽፍ ሁለት ሰማያዊ ምልክት እንጂ መልስ የለም። በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ደግሞ ፀጉሯ በማበጠሪያ እየተነቀለ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል፤ ይህንንም የነገራት የለም።

ስሌቱንም ልጨምር። ስሊቭ ያደረገ ሰው በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ በአማካይ ከጠቅላላ ክብደቱ ሩቡን ያህል ይቀንሳል። 120 ኪሎ የነበረ ሰው 90 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል ማለት ነው። ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለጉልበት ትልቅ ድል ነው። በማስታወቂያው በቀኝ በኩል የቆመችው ሴት ግን 60 ኪሎም አትሞላም። ለ90 ኪሎ የሚገባውን ደስታ የነጠቀን ማን ነው?

«ይህን ሁሉ ብትነግሯቸው ይፈራሉ፣ ሕክምናውን ይተዋሉ» የሚል መልስ እሰማለሁ። ሐኪም ሲናገረውም ሰምቻለሁ፤ ያኔ ይበልጥ ያናድደኛል። ጉዳዩ የስሜት ብቻ ቢሆን እሺ። ግን የትኛው ስቃይ የተለመደ እንደሆነ ያልተነገረው ሰው የትኛው እንዳልተለመደ በምን ያውቃል? የተሰፋው ጠርዝ ካፈሰሰ የልብ ምት በደቂቃ ከ120 ያልፋል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ የሆድ ሕመሙ ይብሳል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚከሰተው ሰውየው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ፣ ምናልባትም አውሮፕላን ተሳፍሮ አገሩ ከገባ በኋላ ነው። እግር አንድ በኩል አብጦ ማመም የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለረጅም ሰዓት በረራ መቀመጥ አደጋውን ይጨምራል። ለቀናት የሚቀጥል ማስታወክ ቫይታሚን ቢ1ን አሟጥጦ አእምሮን ሊጎዳ ይችላል። እኛ ደግሞ ቻይ ሕዝብ ነን። «ቻል አድርጊው፣ ያልፋል» እንላለን። የማያልፈው አለ።

ሻጮቹ ሲጠየቁ የሚመዙት ቁጥርም አለ፦ «ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የበለጠ አደጋ የለውም»። ደህና ተሠርቶ ክትትል ካለው ቁጥሩ በእርግጥ ዝቅተኛ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ10 ማዕከላት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት ባይፓስ ወይም የጨጓራ ቀለበት ካደረጉት ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት 0.3 በመቶ፣ ከባድ ችግር የገጠማቸው 4.3 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ግን ይህ የተገኘው እያንዳንዱ ታካሚ ለ30 ቀን በስሙ ተመዝግቦ፣ ተጠርቶ፣ ታይቶ ነው። የእኛ ሻጭ ቁጥሩን ከዚያ ይወስድና ክትትሉን እዚያው ትቶት ይመጣል። በስድስተኛው ቀን «መልካም ጉዞ» ተብሎ ከተሸኘ ሰው ጋር ያ ቁጥር ምን ያገናኘዋል?

ቤት ስንገባ ደግሞ እኛው አለን። የወለደችን ሴት እንዴት እንደምንይዝ እናውቃለን፦ አጥሚት ይዘጋጃል፣ ጎረቤት ይገባል ይወጣል፣ ብቻዋን አትተውም። ጨጓራዋ ተቆርጦ የመጣችዋን ግን «እረፍት ሄጄ ነበር» እያለች በር ዘግታ እንድትቀመጥ አድርገናታል፤ ሐሜቱን ታውቃለቻ! ካወቅን ደግሞ በጉርሻ እንገድላታለን። «ምነው ከሳሽ፣ አሞሽ ነው?» ቀጥሎ ዶሮ ወጥ። (አጥሚቱም ቢሆን በስኳርና በቅቤ ከሆነ አይረዳትም፤ በተለይ ባይፓስ ላደረገ ሰው ጣፋጭ ነገር ልብ የሚያስመታ፣ የሚያልብ፣ የሚያስቀምጥ መዘዝ አለው።)

ጾምም አለ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የለም፤ ብዙ ሰው ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ውሃም አይቀምስም። በረመዳን እስከ ማታ። ጨጓራው ገና ላልዳነ፣ በየሩብ ሰዓቱ መጎንጨት ላለበት ሰው ይህ በሰውነት ፈሳሽ ማነስ ሆስፒታል የሚያስገባ ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው፤ ፈቃዱን ለመጠየቅ ግን መናገር ያስፈልጋል። ለንስሐ አባቷ ያልነገረችው ሴት ትጾማለች። የኢስታንቡሉ አስተርጓሚ ስለ ጾም ጠይቋት ያውቃል? ስለ ዳይክሎፌናክስ? በየፋርማሲው ያለ ማዘዣ የምንገዛው የወገብ ማስታገሻ ባይፓስ ያደረገ ሰው ላይ ቁስለት ያመጣል።

የሙያ ባልደረቦቼም ከደሙ ንጹህ አይደሉም። ተከፍሎበት እንደ ዜና የሚቀርብ «የለውጥ ታሪክ» በየገጹ አለ። ባለታሪኳ ለቃለ መጠይቅ የምትቀርበው በስምንተኛው ወር ነው። በሦስተኛው ሳምንት ካሜራ ይዞ የሄደ አላየሁም።

ለመሄድ የወሰናችሁ ሂዱ፤ እዚህ አገር የምታደርጉም እንደዚያው። ነገር ግን ብር ከመላካችሁ በፊት የስድስቱን ሳምንት የምግብ መርሐ ግብር በአማርኛ ጽፈው ይስጧችሁ። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ሐኪም ራሱ እንጂ ደላላው አይደለም ሊያነጋግራችሁ የሚገባው። አገር ስትመለሱ ደም የሚመረምርላችሁ፣ ብረትና ቢ12 የሚከታተልላችሁ ሐኪም ከመሄዳችሁ በፊት ያዙ፤ ቫይታሚኑ ዕድሜ ልክ ነው። ከቤተሰብ ቢያንስ ለአንድ ሰው እውነቱን ንገሩ፤ ከላይ የጻፍኳቸውን የአደጋ ምልክቶችም ያ ሰው ይያዛቸው። ደላላውንም አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ በዘጠነኛው ቀን፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ልቤ እየመታ ብደውል ስልኩን የሚያነሳው ማን ነው? ስምና ቁጥር ይስጣችሁ። «አይዞሽ፣ ምንም አይፈጠርም» ካለ ገንዘባችሁን በኪሳችሁ አቆዩ።