የተማሪዎች አገር አቀፍ የክርክር ውድድር አሠራር፤ የጀርመን ተሞክሮ ሲቃኝ

እንደሚታወቀው ምክር ቤትን፣ ፍርድ ቤትንና ምርጫ ቦርድን የመሳሰሉ ተቋማት በሕግ ሊቋቋሙ ይችላሉ። በተቋማቱ ውስጥ የሚያገለግለውም ሆነ በተቋማቱ የሚገለገለው ዜጋ የተለየ ሐሳብ ያለውን ወገን አድምጦ በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ምላሽ የመስጠት ልማድ ከሌለው ግን ሕጉ ብቻውን የሚጠበቅበትን ውጤት አያስገኝም። ይህ ልማድ ደግሞ በአዋጅ የሚደነገግ ሳይሆን ከወጣትነት ጀምሮ በልምምድ የሚዳብር ነው።

የተለያዩ አገሮች ይህንኑ ልምምድ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለማካሄድ ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ አገር አቀፍ የተማሪዎች የክርክር ውድድር ነው። ይህ ጽሑፍ የጀርመን ፌዴራላዊ ሪፐብሊክን ተሞክሮ መነሻ በማድረግ ውድድሩ እንዴት እንደሚደራጅና እንደሚዳኝ፣ እንዲሁም በመንግሥት፣ በትምህርት ቤቶችና በበጎ አድራጎት ተቋማት መካከል ያለው የሥራ ክፍፍል ምን እንደሚመስል ይመለከታል። ጀርመን 16 ክልሎች ያሏት ፌዴራላዊ አገር ስትሆን የትምህርት ጉዳይ በዋናነት በክልሎቹ ሥልጣን ሥር የሚወድቅ በመሆኑ ተሞክሮው በፌዴራል ሥርዓት ውስጥ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ጠቃሚ ጭብጦችን ይዟል።

የውድድሩ አጀማመር

ውድድሩ በጀርመንኛ "ዩገንድ ዴባቲርት" የሚባል ሲሆን ትርጉሙም "ወጣቶች ይከራከራሉ" ማለት ነው። መቀመጫውን በፍራንክፈርት ከተማ ያደረገው ሄርቲ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2001 በሙከራ ደረጃ ጀመረው። በቀጣዩ ዓመት በ2002 ደግሞ በወቅቱ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት በነበሩት ዮሐንስ ራው አነሳሽነት ወደ አገር አቀፍ ደረጃ አደገ። ከዚያ ወዲህ ፕሬዚዳንት ሆርስት ኮለር፣ ክርስቲያን ቩልፍ፣ ዮአኺም ጋውክና ከ2017 ጀምሮም ፍራንክ ቫልተር ሽታይንማየር በየተራቸው የውድድሩ የበላይ ጠባቂ ሆነዋል።

በአዘጋጆቹ መረጃ መሠረት በየዓመቱ ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች በውድድሩና ለውድድሩ በሚደረገው የክፍል ውስጥ ልምምድ ይሳተፋሉ።

የውድድሩን ባሕርይ በሚገባ ለመረዳት ከጀርባው ያለውን የትምህርት መርህ ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1945 በነበረው የናዚ አገዛዝ ዘመን የጀርመን ትምህርት ቤት የአንድ ፓርቲ ፕሮፓጋንዳ ማስተላለፊያ ሆኖ ቆይቷል። ከጦርነቱ በኋላ የተነሣው ጥያቄ መንግሥት ስለ ፖለቲካ ሲያስተምር ሐሳብን በተማሪው ላይ ሳይጭን እንዴት ያስተምር የሚል ነበር። በ1976 በባደን ቩርተምበርግ ክልል ቦይተልስባኽ በተባለች ሥፍራ በተካሄደ ውይይት ላይ ሦስት ነጥቦች ተለይተው ወጡ። መምህሩ ተማሪውን ወደ አንድ አቋም በጫና እንዳይወስድ፣ በምሁራንና በፖለቲከኞች ዘንድ አከራካሪ የሆነ ጉዳይ በክፍል ውስጥም አከራካሪ ሆኖ እንዲቀርብ፣ ተማሪው ደግሞ የራሱን ጥቅምና ሁኔታ መርምሮ እንዲወስን የሚሉ ናቸው። የክርክር ውድድሩም በተለይ ሁለተኛውን ነጥብ በተግባር የሚተረጉም አሠራር ነው ማለት ይቻላል።

ከክፍል እስከ በርሊን

ውድድሩ የሚጀምረው ከመድረክ ሳይሆን ከመማሪያ ክፍል ነው። በቅድሚያ መምህራን ሥልጠና ይወስዳሉ። የሠለጠኑት መምህራን በመደበኛው የትምህርት ክፍለ ጊዜ ተማሪዎችን ያለማምዳሉ። ከዚያም የክፍል ውድድር፣ ቀጥሎ የትምህርት ቤት ውድድር ይካሄዳል። በአቅራቢያ የሚገኙ ትምህርት ቤቶች በአንድ ቀጠና ተደራጅተው አሸናፊዎቻቸውን ያወዳድራሉ። የየቀጠናው አሸናፊዎች በክልል ደረጃ ይገናኛሉ። በመጨረሻም አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ዓመቱ ሊጠናቀቅ ሲቃረብ አገር አቀፉ ውድድር በርሊን ላይ ይካሄዳል።

ተወዳዳሪዎቹ በሁለት የዕድሜ ምድቦች ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ከ8ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያሉትን የሚያቅፍ ሲሆን ሁለተኛው ከዚያ በላይ እስከ 13ኛ ክፍል ያሉትን ይመለከታል። ከ16ቱ ክልሎች በእያንዳንዱ ምድብ ሁለት ሁለት ተማሪዎች ስለሚመረጡ ለአገር አቀፉ መድረክ የሚበቁት 64 ናቸው።

በዚህ ረገድ ትኩረት የሚስበው የሽልማቱ ዓይነት ነው። በቀጠና ደረጃ ያሸነፈ ተማሪ የሚያገኘው ሽልማት የሦስት ቀን የንግግርና የክርክር ሥልጠና ሲሆን በክልል ደረጃ ያሸነፈ ደግሞ የአምስት ቀን ሥልጠና ያገኛል። ያሸነፈ ተጨማሪ እንዲማር መደረጉ ውድድሩ የትምህርት መሣሪያ መሆኑን ያመለክታል።

የ24 ደቂቃው ክርክር

በአንድ ክርክር ላይ የሚሳተፉት አራት ተማሪዎች ናቸው። ሁለቱ የቀረበውን ሐሳብ ይደግፋሉ፣ ሁለቱ ይቃወማሉ። ጥያቄው ምንጊዜም "ይህ እርምጃ ሊወሰድ ይገባልን?" በሚል መልክ ይቀርባል። ለአብነት ያህል "ተማሪዎች በትምህርት ቤት ግቢ ተንቀሳቃሽ ስልክ እንዳይጠቀሙ መከልከል ይገባልን?" የሚለው ጥያቄ ለዚህ ቅርጽ ተስማሚ ነው። "ቴክኖሎጂ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?" የሚለው ግን አይሆንም። የመጀመሪያው ውሳኔ የሚሰጥበት ጉዳይ ሲሆን ሁለተኛው ወሬ ከማስረዘም በቀር ወደ ውሳኔ አያደርስምና ነው።

በመጀመሪያው ክፍል እያንዳንዱ ተከራካሪ ሳይቋረጥ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይናገራል። ለውጥ የሚሻው የደጋፊው ወገን ቀድሞ ይጀምራል። የመጀመሪያው ደጋፊ እርምጃው ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚወስደውና እንዴት እንደሚፈጸም በግልጽ የማስረዳት ግዴታ አለበት። ከዚህ በኋላ 12 ደቂቃ የሚፈጅ ነጻ ክርክር ይከተላል። በዚህ ክፍል ዕድል የሚሰጥ ሰብሳቢ የለም። አራቱ ተማሪዎች ሌላውን ሳያፍኑ፣ ራሳቸውም ሳይታፈኑ ተራውን በራሳቸው መምራት ይጠበቅባቸዋል። በመጨረሻው ክፍል እያንዳንዳቸው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ለዚያው ጥያቄ ዳግም መልስ ይሰጣሉ። በዚህ ጊዜ አዲስ መከራከሪያ ማንሣት አይፈቀድም። የሚፈለገው በክርክሩ ከተነሡት ነጥቦች መካከል ሚዛን የሚደፋው የትኛው እንደሆነ ማሳየት ነው። የሦስቱ ክፍሎች ድምር 24 ደቂቃ ይሆናል።

ሰዓቱን የሚቆጣጠር ሰው ደወል ይዞ ይቀመጣል። ጊዜው ሊያልቅ 15 ሰከንድ ሲቀረው አንድ ጊዜ፣ ሲያልቅ ሁለት ጊዜ ይደውላል። ተናጋሪው ካላቆመ ደወሉ ሳያቋርጥ ይደወላል። ስብሰባ ተመድቦለት ከነበረው ጊዜ በላይ ሲራዘም ላየ የመንግሥት ሠራተኛ የዚህ ደወል ትርጉም አይሰወረውም።

ይህ አሠራር በሌሎች አገሮች ከሚታወቀው የፓርላማ መሰል ክርክር ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1988 በአውስትራሊያ በተጀመረው የትምህርት ቤቶች የዓለም ሻምፒዮና ለምሳሌ በእያንዳንዱ ወገን ሦስት ተናጋሪዎች ስምንት ስምንት ደቂቃ ይናገራሉ፤ ውጤቱም የሚሰጠው ለቡድን ነው። በጀርመኑ ውድድር ግን ነጥብ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ተማሪ በግሉ ነው። በመሆኑም ሐሳቡ ተቀባይነት ያጣ መስሎ የሚታየው ወገን ተከራካሪ ከአራቱ ከፍተኛውን ነጥብ ሊያገኝ ይችላል።

አዳኙ ምን ይመዘናል?

ዳኞቹ የሚመዝኑት በአራት መስፈርቶች ነው። የመጀመሪያው የጉዳዩ ዕውቀት ሲሆን ተከራካሪው ስለምን እንደሚናገር ምን ያህል ያውቃል የሚል ነው። ሁለተኛው ሐሳብን የመግለጽ ችሎታ፣ ሦስተኛው ሌሎች ያሉትን አድምጦ ተገቢ ምላሽ የመስጠት ችሎታ፣ አራተኛው ደግሞ አቋምን በምክንያት የማስደገፍ አሳማኝነት ነው። ለእያንዳንዱ መስፈርት ከ0 እስከ 5 ነጥብ ስለሚሰጥ አንድ ዳኛ ለአንድ ተከራካሪ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ ነጥብ 20 ነው።

ከዚህ የነጥብ አሰጣጥ መረዳት የሚቻለው አንደበተ ርቱዕነት ብቻውን ከጠቅላላው ነጥብ ከሩብ በላይ እንደማያስገኝ ነው። ማዳመጥም ከመናገር እኩል ነጥብ አለው። አስቀድሞ ያጠናውን ንግግር በውብ ቋንቋ የሚያወርድ፣ ነገር ግን ባላጋራው ላነሣው ጥያቄ መልስ የማይሰጥ ተማሪ በሦስተኛው መስፈርት ነጥብ ያጣል። ዳኞቹ ከክርክሩ በኋላ ለተማሪዎቹ ጠንካራና ደካማ ጎናቸውን በቃል ይነግሯቸዋል። በዳኝነቱና በሰዓት ቁጥጥሩ ከመምህራን ጎን ተማሪዎችም የሚሳተፉ በመሆኑ የመድረኩን ደንብ የሚማረው ተወዳዳሪው ብቻ አይደለም።

በዕጣ የሚደርስ አቋም

ከሁሉም በላይ ጥያቄ የሚያስነሣው ተማሪው የሚከራከርለትን ወገን በራሱ ምርጫ የማይወስን መሆኑ ነው። ከቀጠና ደረጃ ጀምሮ የመከራከሪያ ጥያቄዎቹ አስቀድመው ይገለጻሉ። ወገኑ ግን በምደባ ወይም በዕጣ ይደርሰዋል። በማጣሪያውም እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በተለያዩ ጥያቄዎች አንድ ጊዜ ደግፎ፣ አንድ ጊዜ ተቃውሞ ይከራከራል።

ይህ አሠራር ወጣቱን ለማያምንበት ነገር እንዲሟገት ያለማምደዋል የሚል ትችት ሊሰነዘርበት ይችላል። ትችቱ ቀላል አይደለም። ቃሉንና እምነቱን አለያይቶ መናገር የለመደ ሰው ለሕዝብ አገልግሎት አይበጅምና ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩ በሌላ ወገንም መታየት አለበት። ተማሪው የሚደርሰውን ወገን አስቀድሞ ስለማያውቅ ሁለቱንም ማጥናት ይገደዳል። የሚቃወመው ሐሳብ ያለውን ብርቱ ምክንያት ሳያውቅ መድረክ ላይ መውጣት አይችልም። አቋሙ በዕጣ የደረሰው መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅም ማንም ስለተናገረው ነገር አይወቀስበትም። የኋለኛው ነጥብ በተለይ አከራካሪ በሆኑ ጉዳዮች ላይ ወጣቶች ያለ ፍርሃት እንዲናገሩ የሚያስችል ከለላ ነው።

የመንግሥት ድርሻና ወሰኑ

ውድድሩ የሚካሄደው በሦስት አካላት ትብብር ነው። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የበላይ ጠባቂ በመሆን ክብሩን ይሰጡታል። የክልሎቹ የትምህርት ሚኒስቴሮች ደግሞ ትምህርት ቤቶችንና መምህራንን ያስተባብራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የተመሠረተው የክልሎቹ የትምህርት ሚኒስትሮች ቋሚ ጉባኤም አጋር ነው። ሥልጠናውን፣ የመማሪያ ጽሑፎቹንና የውድድሩን ደንብ በማዘጋጀት በኩል ፋውንዴሽኑ ከፍተኛውን ድርሻ ይወስዳል።

በዚህ ክፍፍል መንግሥት መድረኩን ያመቻቻል እንጂ የትኛው ወገን ትክክል እንደሆነ አይናገርም። ጥያቄዎቹ ግን ከእውነተኛው የመንግሥት ሥራ የራቁ አይደሉም። ለምሳሌ የመምረጫ ዕድሜ ከ18 ወደ 16 ዝቅ ይበል ወይስ አይበል የሚለው በጀርመን ለረጅም ጊዜ ያከራከረ ጉዳይ ሲሆን በርካታ ክልሎች ለክልል ምክር ቤት ምርጫ 16 ዓመትን ተቀብለዋል፤ በ2024 በተካሄደው የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫም የ16 ዓመት ወጣቶች በአገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጥተዋል። ምክር ቤት የሚከራከርበትን ጉዳይ ተማሪም ሊከራከርበት መቻሉ ውድድሩን ከጨዋታ በላይ ያደርገዋል።

አሠራሩ ያለ ችግር የተጓዘ አይደለም። በጀርመን ተማሪዎች ገና በልጅነታቸው በተለያየ ዓይነት ትምህርት ቤት የሚመደቡ ሲሆን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው ጂምናዚየም የተባለው ትምህርት ቤት ተማሪዎች በውድድሩ ጎልተው ይታያሉ። የሙያ ትምህርት ቤቶችና ቤተሰቦቻቸው ከሌላ አገር የመጡ ተማሪዎችን ለማካተት ልዩ ጥረት ይጠይቃል። ጥሩ መናገር በቤት ውስጥ የሚጀመር በመሆኑ ውድድሩ ክፍተቱን ሊያጠብበው እንደሚችል ሁሉ ቀድሞውንም ዕድል ያላቸውን ብቻ ወደ መድረክ ሊያወጣም ይችላል። ልዩነቱን የሚወስነው ልምምዱ በመደበኛው ክፍል ለሁሉም ተማሪ መሰጠቱ ወይም ለተመረጡ የክበብ አባላት ብቻ መቅረቱ ነው።

ከተሞክሮው የሚገኙ ነጥቦች

በአገራችን ክርክር እንግዳ ነገር አይደለም። "በላ ልበልሃ" በሚባለው የቀድሞ የሙግት ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ውርርድ እየተገቡ በአደባባይ ይሟገቱ፣ በዳኛ ፊትም በአንደበታቸው ይመዘኑ ነበር። በበርካታ ትምህርት ቤቶችም የክርክር ክበባት የቆየ ልማድ ናቸው። የጀርመኑ አሠራር ከዚህ የሚለየው አንደበትን ከአራት መስፈርቶች አንዱ ብቻ በማድረጉና ማዳመጥን በነጥብ በመመዘኑ ነው።

ከዚህ ተሞክሮ ለመጠቀም የሚያስብ አካል አስቀድሞ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። የጀርመኑ ውድድር በአንድ ቋንቋ የሚካሄድ ሲሆን በኢትዮጵያ ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 ለሁሉም ቋንቋዎች እኩል የመንግሥት ዕውቅና ይሰጣል፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ደግሞ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ተማሪው በየትኛው ቋንቋ ይከራከር የሚለው ካልታሰበበት ውድድሩ የሐሳብ ሳይሆን የቋንቋ ችሎታ ፈተና ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የመምህራን ሥልጠና ነው። ከመድረኩ በፊት መምህሩ፣ ከመምህሩም በፊት የሥልጠና በጀቱ መዘጋጀት ይኖርበታል። ሦስተኛው የጥያቄዎች አመራረጥ ሲሆን ማን እንደሚመርጣቸውና በምን መመዘኛ እንደሚመረጡ አስቀድሞ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት።

በአጠቃላይ ውድድሩን ማካሄድ ትልቅ አዳራሽና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አራት ወንበር፣ አንድ ደወልና የሠለጠኑ ዳኞች ከተገኙ ይጀመራል። ከባዱ ሥራ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የትምህርት ባለሥልጣኑ የማይወደው ሐሳብ በራሱ ትምህርት ቤት፣ በራሱ ተማሪ አንደበት፣ በሚገባ ተደግፎ ሲቀርብ ሰምቶ ለተማሪው የሚገባውን ነጥብ እንዲያገኝ የሚፈቅድ ከሆነ ውድድሩ ዓላማውን ይመታል። ይህ ካልሆነ ግን የሚቀረው የንግግር ትርዒት ብቻ ይሆናል።