ሥዕሉን ብቻ አናስቀምጥ



የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ በየዶርሙ የሚሰማው ጭንቀት ተመሳሳይ ነው። አማካሪው «የዚህን ግራፍ አሃድ ቀይር» ይላል፤ በተማሪው እጅ ያለው ግን የፒኤንጂ ሥዕል ብቻ ነው። ፒኤንጂ ቀለም እንጂ የልኬቱን ቁጥር አይዝም። አንዲት ቃል ለማረም ሙሉውን ሲሙሌሽን እንደገና ማስኬድ ሊመጣ ነው።

በማትላብ የምትሠሩ «ሴቭፊግ» በሚለው ትእዛዝ የፊግ ፋይል አስቀምጡ፤ በ«ኦፕንፊግ» ስትከፍቱት መስመሩም ጽሑፉም ለእርማት ዝግጁ ሆኖ ይመለሳል። በፓይተን ማትፕሎትሊብ ግን የስሙ መመሳሰል እንዳያታልላችሁ፤ እዚያ «ሴቭፊግ» የሚያወጣው ሥዕል ነው። ግራፉን ራሱን በፒክል ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሆኖም የማትፕሎትሊብ ቨርዥን ሲቀየር ላይከፈት ይችላል። አስተማማኙ መንገድ ቁጥሩን በሲኤስቪ፣ ግራፉን የሚሠራውን ኮድ ደግሞ ከጎኑ ማስቀመጥ ነው።

«ለዚህ የሚሆን ጊዜ የት አለ?» የሚል አይጠፋም። ሁለት መስመር ኮድ መጨመር ግን ሌሊቱን ሙሉ ከመቀመጥ ይቀላል።

ደግሞም ጉዳዩ የራሳችን ምቾት ብቻ አይደለም። ሥራችንን በቀጣዩ ዓመት የሚረከቡ ታናናሾቻችን ከሥዕሉ ላይ በዓይን እየገመቱ ቁጥር ይለቅማሉ፤ ግምቱም እንደ ልኬት ተቆጥሮ ይጻፋል። የለካነው ቁጥር በእጃችን ያለ አማና ነው። ዘንድሮ የምትመረቁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከጽሑፉ ጋር ዳታውንና ኮዱን በአንድ ፎልደር አድርጋችሁ አስረክቡ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።