ሁልጊዜ የማይሮጠው «ራን»

እንግሊዝኛ የሚያጠና ተማሪ የደብተሩን ገጽ መሃል ለመሃል አስምሮ በግራ የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺውን ይጽፋል። እዚያ ላይ የ«ራን» ድርሻ አንዲት ቃል ናት፤ ሮጠ። ተማሪው ያችን ሸምድዶ ወደ ረጃጅሞቹ ቃላት ይሻገራል። እኔ ግን ቋንቋው የሚያስቸግረን እንዲህ እየተናቁ በሚታለፉት አጫጭር ቃላት ነው ባይ ነኝ።

ወንዝ «ራን» ካደረገ ይፈሳል፤ ሞተር ከሆነ ይሠራል፤ አውቶቡስ ከሆነ በመስመሩ ይመላለሳል። ድርጅት «ራን» የሚያደርገው ሥራ አስኪያጁ ነው። ስስ የሴቶች ካልሲ ላይ ሲመጣ ክሩ ተመዝዞ ወደ ታች መተርተሩ ነው፤ ክሪኬት ላይ ደግሞ ነጥብ። ለምርጫ አሜሪካዊው ዕጩ «ራን» ሲያደርግ እንግሊዛዊው «ስታንድ» ያደርጋል። አንዱ ይሮጣል፣ ሌላው ይቆማል፤ ሁለቱም የሚፈልጉት ግን ወንበር ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2007 ኖርዘርን ሮክ የተባለው የእንግሊዝ ባንክ ደጃፍ ላይ ደንበኞች ገንዘባቸውን ለማውጣት ረጅም ሰልፍ ይዘው ቆመው ነበር። የዚያ ሰልፍ ስምም «ራን» ነው።

የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1989 በ20 ጥራዝ ሲታተም ሰፊውን ቦታ የያዘችው የመረብ ኳስ ተመልካች የሚያውቃት «ሴት» ነበረች። ኋላ ፒተር ጊሊቨር የተባለው አዘጋጅ «ራን»ን እንደገና ሲያጠና ዘጠኝ ወር ፈጀበት፤ በግሥነቷ ብቻም 645 ፍቺ አወጣላት። ለዚህ ያበቃት አንዱ ምክንያት ማሽን ነው። ፋብሪካው፣ ባቡሩና በኋላም ኮምፒውተሩ በመጡ ቁጥር ተናጋሪው አዲስ ግሥ ከመፍጠር ይልቅ አፉ የለመደውን አሠራ።

እኛስ ብንሆን? ፖሊስ ሌባ ይይዛል፤ ጉንፋን ሰው ይይዛል፤ የተቀየመ ቂም ይይዛል። አማርኛ ለሚማር የውጭ አገር ሰው «ያዘ» ማለት በእጅ ጨበጠ ማለት ነው ብለን ብናሰናብተው፣ ነገ «ታክሲ ያዝ» ስንለው ምኑን ሊጨብጥ ነው?

ስለዚህ መምህራን ይህን የግራና ቀኝ ደብተር ቢተዉልን መልካም ነው። «ራን» ከወንዝ፣ ከባንክና ከምርጫ ጋር በሙሉ ዓረፍተ ነገር ትጠና፤ ፈተናውም እንደዚያው ይውጣ። ረጅሙ ቃል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፍቺ ይዞ ስለሚቀመጥ በቸገረን ቀን መዝገበ ቃላት ገልጠን እንደርስበታለን። አጭሩን ግን አውቀነዋል ብለን ስለምናስብ መዝገበ ቃላቱን ለመግለጥ እንኳ አይታየንም።