መኪናው ይዘላል ያለችው ሴት

ከእናንተ መካከል መኪና የምታሽከረክሩ ወይም መኪና ባለበት ቤት የምትኖሩ እህቶች አንድ ነገር ሳይገጥማችሁ እንዳልቀረ እንገምታለን። «ዛሬ መኪናው እንግዳ ድምፅ ያሰማል»፤ ወይም «ሲታጠፍ እንደ መያዝ ይለዋል» ብላችሁ ስትናገሩ ከባል ወይም ከወንድም የሚሰጣችሁ መልስ ብዙ ጊዜ «አንቺ ደግሞ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ!» የሚል ነው። ጨዋታው እዚያው ላይ ይዘጋል። ሳምንት ሳይሞላው መኪናው ተጎትቶ ጋራዥ ይገባል። መካኒኩም እናንተ የተናገራችሁትን ያንኑ ነገር ያገኝና ሒሳቡን ይቀበላል።

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው አባባል ከቤት ወጥቶ እስከ መኪና ሞተር ድረስ ዘልቆ ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን የአንድ መኪና ታሪክ እናጫውታችኋለን። መኪናው ለራሊ ውድድር ታስቦ የተሠራ፣ ነገር ግን ታርጋ ተለጥፎለት በማናቸውም የሕዝብ መንገድ ሊነዳ የሚችል የስፖርት መኪና ነው። ስሙ አውዲ ኳትሮ ይባላል፤ የጀርመን ሥራ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ራሊ ምን እንደሆነ እንመልከት። ራሊ ለእሽቅድምድም ተብሎ በተሠራ ክብ ሜዳ ላይ የሚደረግ ሩጫ አይደለም። መኪኖቹ የሚሮጡት ሰው በሚኖርበት አገር መንገድ፣ በአስፋልቱም በኮረኮንቹም፣ በጭቃውም በበረዶውም ላይ ነው። አንዱ ከሌላው በደቂቃ ልዩነት ይነሣና መንገዱን ባጭር ጊዜ የጨረሰው ያሸንፋል። በእያንዳንዱ መኪና ውስጥም ሁለት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሾፌር፣ ሌላው መንገድ ነጋሪ ነው።

ለዚህ ውድድር ይቀርብ የነበረው መኪና ለአንድ ቀን ብቻ የተሠራ እንዳይሆን ደንቡ በዚያን ዘመን አንድ ግዴታ ያኖር ነበር፤ ይኸውም የመኪናው ዓይነት በቁጥር ተሠርቶ ለሕዝብ እንዲሸጥ ነው። በ1982 በሥራ ላይ በዋለው «ግሩፕ ቢ» በተባለው ምድብ ቁጥሩ 200 ብቻ ነበር። ገንዘቡ ያለው ሰው እሽቅድምድሙን በቴሌቪዥን ያየውን መኪና ገዝቶ ገበያ ሊሄድበት፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሊያደርስበት ይችል ነበር ማለት ነው። የኢጣሊያው ላንቺያ ስትራቶስ እንኳ ቁጥሩ 500 የማይሞላ ሲሆን፣ የበሩ ኪስ የእሽቅድምድም የራስ ቁር እንዲይዝ ሆኖ የተሠራ ነበር። የእነዚህ መኪኖች ብርቅነት የመጣው ከዚሁ ደንብ ነው።

አሁን ወደ ኳትሮ እንመለስ። በ1976 መጨረሻና በ1977 መጀመሪያ የብርድ ወራት የአውዲ መሐንዲሶች በፊንላንድ በረዶ ላይ መኪኖቻቸውን ሲፈትኑ አንድ የሚያስገርም ነገር አዩ። ኢልቲስ የተባለ ለጦር ሠራዊት የተሠራ፣ 75 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያለው መኪና አብሯቸው ነበር። ይህ ደካማ መኪና ጉልበታቸው እጅግ የሚበልጠውን መኪኖች በበረዶው ላይ እየቀደመ አስቸገራቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። የኢልቲስ ሞተር አራቱንም ጎማዎች ሲያዞር የሌሎቹ ሞተር ሁለቱን ብቻ ያዞር ነበር። በዚያ ጊዜ አራት ጎማ የሚያዞር ሞተር ለጭነትና ለገጠር መንገድ እንጂ ለፈጣን የቤት መኪና ይበጃል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነበር። ዮርግ ቤንሲንገር የተባለው መሐንዲስ ግን ለፈጣን መኪናም ቢሆንስ የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ የቴክኒክ ኃላፊው ፈርዲናንድ ፒየሽም ተቀበለው።

የሙከራው መኪና በ1978 መጀመሪያ በኦስትሪያ ተራራ ላይ በረዶ የሸፈነውን ዳገት ያለ ሰንሰለትና በበጋ ጎማ ወጣ። ወንዶቹ ሁሉ ተደነቁ። ስለ መኪናው ጉድለት የተናገረ ግን አልነበረም።

ጉድለቱን የተናገረችው አንዲት ሴት እንደነበረች ይተረካል። የፎልክስቫገን የምርምር ኃላፊ የነበሩት ፕሮፌሰር ኤርንስት ፊያላ የሙከራውን መኪና ወደ ቪየና ይዘው ሄዱ። ባለቤታቸው ደግሞ ለከተማ ጉዳይ ነዱት። ሲመለሱም መኪናው በጠባብ መታጠፊያ ላይ ይዘላል ብለው ነገሯቸው። ፕሮፌሰሩ «አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ» አላሉም። ነገሩን ወደ መሐንዲሶቹ ወሰዱና በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ዲፈረንሻል እንዲገባ ጠየቁ።

ባለቤታቸው ያሉት ነገር ፍጹም ትክክል ነበር። በሬ ጠምዶ ያረሰ ሰው ምክንያቱን ወዲያው ይረዳዋል። ትልሙ አልቆ ጥማዱ ሲዞር ውጭ ያለው በሬ ረጅም መንገድ፣ ውስጥ ያለው አጭር መንገድ ይራመዳል። ሁለቱ እኩል ካልተራመዳችሁ ቢባሉ ቀንበሩ ይጣመማል። መኪናም ሲታጠፍ የፊት ጎማዎቹ ከኋለኞቹ የሰፋ ክብ ይዞራሉ። የፊቱና የኋላው እኩል እንዲሽከረከሩ ተጠፍረው ከታሰሩ ጎማው መሬቱን መፋቅና መዝለል ግዴታው ነው። በበረዶ ላይ መሬቱ ስለሚያንሸራትት ይህ አይታወቅም። በከተማ አስፋልት ላይ፣ መኪና በማቆሚያ ስፍራ ላይ ግን ወዲያው ይታወቃል። ወንዶቹ የፈተኑት በተራራ ላይ ነበር፤ እርሳቸው ግን የነዱት ሰው በየዕለቱ በሚነዳበት ስፍራ ነው።

መሐንዲሶቹ መፍትሔውን በጥቂት ቦታ አበጁት። በካምቢዮው ውስጥ 26 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ዘንግ ሠሩ። የሞተሩ ኃይል በዚህ ክፍት ዘንግ ወደ ኋላ ሄዶ ዲፈረንሻሉን ያገኛል። ከዚያ ግማሹ ወደ ኋላ ጎማዎች ይቀጥላል፤ ግማሹ ደግሞ በክፍቱ ዘንግ ሆድ ውስጥ ባለፈ ቀጭን ዘንግ ወደ ፊት ጎማዎች ይመለሳል። መኪናው በመጋቢት ወር 1980 በጄኔቭ ትርኢት ሲቀርብ ሞተሩ ባለ አምስት ሲሊንደር፣ ጉልበቱ 200 የፈረስ ጉልበት ነበር። መዝለሉም ቀርቶለት ነበር።

ይህ የከተማዋ ሴት ታሪክ ነው። በራሊው ሜዳ ደግሞ የሌላ ሴት ታሪክ አለ። ሚሼል ሙቶን በ1951 በደቡብ ፈረንሳይ ግራስ በተባለች የአበባ አገር ተወለደች። በ14 ዓመቷ የአባቷን ሲትሮይን መንዳት ለመደች። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ራሊ የጀመረችው በመንገድ ነጋሪነት ነበር። አባቷ ግን ሌላ ሰው ከሚነዳሽ አንቺው ብትነጂ ይሻላል ብለው አልፒን መኪና ገዙላትና ችሎታዋን የምታሳይበት አንድ ዓመት ሰጧት። ስታሸንፍ ግን ሴቲቱ ችሎታ አላት ከማለት ይልቅ ሞተሩ ከደንብ ውጭ ነው የሚል ሐሜት ተነዛ። ተቆጣጣሪዎች ኮፈኑን ከፍተው መረመሩት። ሞተሩ እንደማንኛውም ሞተር ነበር።

ልብ በሉ፤ ሁለቱ ታሪኮች በዚህ ይለያያሉ። በቪየናው ቤት የሴቲቱ ቃል ተሰማና መኪናው ተሻሻለ። በፈረንሳዩ ሜዳ ግን የሴቲቱን ሥራ ላለመቀበል ምክንያት ከኮፈን ሥር ተፈለገ።

በ1981 አውዲ ሙቶንን ኳትሮ ላይ አስቀመጣት። መንገድ ነጋሪዋ ኢጣሊያዊቷ ፋብሪዚያ ፖንስ ነበረች። የመንገድ ነጋሪን ሥራ እንደ ቀላል የሚያይ ይሳሳታል። ሁለቱ አስቀድመው መንገዱን ይመለከቱና እያንዳንዱን ኩርባ በደብተር ይጽፋሉ። በውድድሩ ቀን ሾፌሯ ከኮረብታው ማዶ ያለውን አታይም። የጓደኛዋን ድምፅ ሰምታ፣ ያን ቃል አምና ነዳጅ ትሰጣለች ወይም ፍሬን ትይዛለች። ቃሉን የሚጠራጠር ሾፌር ይዘገያል፤ ያልሰማ ደግሞ ገደል ይገባል። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ሁለቱ ሴቶች የኢጣሊያውን ሳንሬሞ ራሊ አሸነፉ። ሴት ሾፌር የዓለም ሻምፒዮና ራሊ ስታሸንፍ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

በ1982 ፖርቱጋልን፣ ግሪክንና ብራዚልን አሸንፈው ለዓለም ሻምፒዮናነት ደረሱ። በኮትዲቯር ውድድር ዋዜማ ግን የሙቶን አባት በካንሰር በሽታ አረፉ። የመጨረሻ ምኞታቸው ልጃቸው እንድትወዳደር ነበርና ኀዘኗን ይዛ መሪውን ጨበጠች። እየመራች ሳለ መኪናው ተበላሸ፤ በኋላም ከመንገድ ወጥታ ውድድሩን አቋረጠች። ሻምፒዮናነቱ ለጀርመናዊው ዋልተር ሮርል ሆነ፤ እርሷ በ97 ነጥብ ሁለተኛ ወጣች። በተከታዩ ዓመት በ1983 በጎረቤታችን በኬንያ የሳፋሪ ራሊ ሦስተኛ ሆነች። ሳፋሪ በዚያን ዘመን መንገዱ ለሌላ ተሽከርካሪ ሳይዘጋ፣ በአቧራ፣ በጭቃና በዱር እንስሳ መካከል የሚካሄድ ውድድር መሆኑን አካባቢያችንን የምታውቁ ትገምታላችሁ።

ከዚያ በኋላ ስፖርት ኳትሮ የተባለው መጣ። 200 እንዲሠራ በሚያዘው ደንብ መሠረት ከ200 ጥቂት በለጥ ብሎ ብቻ የተሠራ፣ ዋጋው ወደ 200 ሺህ የጀርመን ማርክ የሚጠጋ ብርቅ መኪና ነው። በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከቀድሞው በ32 ሴንቲ ሜትር አጥሯል፤ ጉልበቱ ግን ከ300 የፈረስ ጉልበት በልጧል። በተራ መንገድ ላይ የነዱት ሰዎች የሚያወሱት ነገር ተመሳሳይ ነው። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ እንቅልፋም ይመስላል። ነዳጅ ትሰጡታላችሁ፤ ጥቂት ይዘገያል። ቱርቦው ሲነቃ ግን ከበስተጀርባ እንደተገፋ ሰው ወንበሩ ላይ ያጣብቃችኋል። የአምስቱ ሲሊንደሮች ድምፅም እንደሌላ ሞተር እኩል የሚመታ ሳይሆን የተለየ ጉርምርምታ ነው። አፍንጫው ከባድ፣ ወገቡ አጭር ስለሆነ በኩርባ ላይ መሪውን አጥብቆ የያዘና ጆሮውን የከፈተ ሾፌር ይፈልጋል። ሙቶን በ1985 በዚሁ ዓይነት የውድድር መኪና በአሜሪካ ፓይክስ ፒክ የተባለውን፣ ከራስ ዳሸን ጥቂት ዝቅ የሚለውን ተራራ በ11 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ወጥታ አዲስ ክብረ ወሰን አቆመች።

የዚህ ዘመን መጨረሻ ግን ኀዘን ነበር። የመኪኖቹ ጉልበት ከመንገዱና ከሰው ዓቅም በላይ ሄዶ ነበር። በመጋቢት ወር 1986 በፖርቱጋል አንድ መኪና ከመንገድ ወጥቶ ተመልካቾች ውስጥ ገባ፤ ሰዎችም ሞቱ። የታወቁት ሾፌሮች ተመካክረው ከውድድሩ ወጡ። በግንቦት ወር በኮርሲካ ፊንላንዳዊው ሄንሪ ቶይቮኔንና ጓደኛው ሰርጂዮ ክሬስቶ መኪናቸው ገደል ገብቶ በእሳት ሞቱ። ምድቡም ከ1987 ጀምሮ እንዲቀር ተወሰነ። ሙቶንም በዚያው በ1986 የጀርመን ሻምፒዮና ከሆነች በኋላ መወዳደሯን ተወች። በኋላም በዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን የሴቶች ኮሚሽን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆናለች።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቻችን፤ ከዚህ ታሪክ ወደ ቤታችን ምን እንውሰድ? በመሠረቱ 300 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና በደጃችን የለም፤ እንዲኖርም አንመኝም። ባልና ሚስት በአንድ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ጊዜ ግን ብዙ ነው። ልጆችም ከኋላ አሉ።

እናንተ አባቶችና ባሎች፤ ባለቤታችሁ ወይም ልጃችሁ መኪናው እንግዳ ጠባይ አሳየ ስትላችሁ ቁልፉን ተቀብላችሁ አብራችሁ ሂዱ፤ አብራችሁ አድምጡ። መኪና ማንነትን ሳይለይ ለነዳው ሁሉ ጉድለቱን ይናገራል። ለወንድ ልጃችሁ መንዳት ስታስተምሩ ለሴቷም አስተምሩ። ጎማ መቀየሩን፣ ዘይትና ውኃ ማየቱንም ከእርሷ አትደብቁ። እናንተ እህቶች ደግሞ ያያችሁትን ተናገሩ። አልሰማ ያለ ቢኖርም ደግማችሁ ተናገሩ።

ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ይህ ነው። ከጎን የተቀመጠችው ሴት «ቀስ በል» ያለች እንደሆነ ያ ቃል ጭቅጭቅ ወይም ፍርሃት ተብሎ መናቅ የለበትም። የዓለም ታላላቅ ሾፌሮች ሕይወታቸውን የሰጡት ከጎናቸው ለሚሰማው ድምፅ ነበር። እነርሱ ያላፈሩበትን ማድመጥ የቤተሰብ አባወራ የሚያፍርበት ምን ምክንያት አለ?