አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ



አራስ ልንጠይቅ ገብተን፣ ገንፎው ተበልቶ፣ ተጸልዮ፣ ሕፃኑ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ሲዘዋወር ከመካከላችን አንዷ «ውይ! ጆሮው ምን ሆነ?» ማለቷ አይቀርም። ሌላዋ «እርጉዝ ሳለሽ ምን አይተሽ ነው?» ትላለች። በዚህ ላይ የባልየው እናት «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ጆሮ የለም» ካሉማ አለቀ። እንግዳው ይሄዳል፤ ሙግቱ ግን ከባልና ሚስቱ ጋር መኝታ ቤት ይገባል።

ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ጌታን የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ ጥፋቱ የማን ነው? (ዮሐ. 9፥1-3)። ጌታ በሰውየውም በወላጆቹም ላይ አልፈረደም። እኛ በገንፎ ሰዓት ለምን እንፈርዳለን?

እህቶቼ፣ ሕፃን በማኅፀን የሚያድገው ተጣጥፎ ነው። ጆሮው ተጭኖ ሊታጠፍ፣ ጫፉ ወደ ታች ሊቀለበስ ይችላል። ከላይ ሾጠጥ ያለ ወይም ከጭንቅላቱ ርቆ የቆመ ጆሮም አለ። አንዳንዱ በዘር ይመጣል፤ ቢመጣስ ማን ይወቀስበታል?

ብዙዎቻችን ያልሰማነው ነገር ግን አለ። አዲስ የተወለደ ሕፃን የጆሮው ልም አጥንት እንደ ሊጥ ለስላሳ ነው። ምክንያቱ ከእናቱ የወረሰው ኤስትሮጅን የተባለ ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ከፍተኛ ሆኖ በ6 ሳምንት ገደማ ይወርዳል፤ ጆሮውም አብሮ ይጠነክራል። ጃፓናዊው ሐኪም ማትሱኦና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዲህ ያለ ጆሮ ያለ ቀዶ ጥገና እንደሚቃና አሳዩ። በኋላም በአሜሪካ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ኢርዌል የሚባል የፕላስቲክ ቅርጽ መያዣ ወጣ። ሐኪሙ ጆሮውን በትክክለኛ ቅርጹ ይዞ መያዣውን በቆዳው ላይ ይለጥፈዋል፤ በየጊዜው እየታየና እየተቀየረ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። መርፌ የለ፣ ምላጭ የለ። ቆዳው ሊቀላ ወይም ሊላጥ ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል። ስለዚህ እባካችሁ በቤት ውስጥ በፕላስተር አትሞክሩት።

እናቶቻችን ሕፃን ሲያጥቡ ራሱን በቅቤ እያሹ አፍንጫውን ቆንጠጥ ያደርጋሉ። አፍንጫውን እንኳ ተዉት እላለሁ፤ የአራስ ገላ ለእጅ ይታዘዛል ማለታቸው ግን በጆሮ በኩል እውነት ሆኖ ተገኘ!

«እግዚአብሔር እንዲህ ከፈጠረው ለምን ይነካል?» የሚሉ ወገኖች አሉ። እግሩ ተቆልምሞ የተወለደውን ልጅ በጀሶ ስናቃና እምነት ጎደላችሁ ያለን የለም። ጆሮውን አናስነካም የሚሉ ወላጆችም መብታቸው ነው፤ የተጣጠፈ ጆሮ ብዙውን ጊዜ መስማትን አያግድም። የጆሮው ክፍል ከጎደለ ወይም ቀዳዳው ከተደፈነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ቅርጽ በማስያዝ አይቃናም፤ መስማቱም በቶሎ መመርመር አለበት።

ችግራችን ጊዜው ነው። አራሷ ከቤት አትወጣም፣ ሕፃኑም ተሸፍኖ ይቆያል፤ ሐኪም ዘንድ ሲደረስ ጆሮው ጠንክሯል። አንዳንዱ ጆሮ በመጀመሪያው ሳምንት በራሱ ይስተካከላል። ሳምንት ሞልቶት እንደ ታጠፈ ከሆነ ግን አባትየው ልጁን አቅፎ የሕፃናት ሐኪም ወይም የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ሕክምናው በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ስላልሆነ ማን እንደሚሠራው አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በውጭ አገር ያላችሁም ከሆስፒታል ሳትወጡ ጠይቁ። ጊዜው ላለፈበት ልጅ 5 ዓመት ገደማ ከሞላው በኋላ የሚደረግ ቀዶ ጥገና አለ፤ እስከዚያ ድረስ ጆሮውን በእንግዳ ፊት አታንሡበት።