እናቶቻችን ማንም ያላዘዛቸውን ጾም እየጾሙ ነው

ወገኖቼ፣ ይህን ስጽፍ «መምህሩ ደግሞ ጾም ሊያስፈታን መጣ» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ኧረ አይደለም! እኔም እጾማለሁ። የማወራው ስለ ነፍሰ ጡሮችና ስለሚያጠቡ እናቶች ብቻ ነው።

በእኛ ሀገር የቤቱን ሃይማኖት ተሸክማ የምትኖረው እናት ናት። ወር በገባ በ21 ማርያምን የምትዘክር፣ የሰንበቴውን ጠላ የምትጠምቅ፣ ወንዱን በ40 ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና ለማስነሳት የምትባዝን እሷ ናት። ብዙው አባወራ ጾም መግባቱን የሚያውቀው ወጡ ሲቀየር ነው (አትሳቁ፣ እውነት ነው)።

ይህችው ሴት ስታረግዝ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» እንላታለን። ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን ገንፎዋን እንበላለን። በመሃል ግን ሆዷ ገፍቶ፣ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህል ሳትቀምስ ውሃ ስትቀዳና እንጨት ስትሸከም ዝም ብለን እናያለን። 9 ሰዓት ሲሞላም የምታገኘው እንጀራ በሽሮ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ነቢያት፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ረቡዕና ዓርብ ሲደመሩ ከእርግዝናዋ ግማሽ ያህሉ ጾም ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ለደካማና ለታመመ ሰው የነፍስ አባት ጾሙን እንደ አቅሙ ያደርግለታል። ለነፍሰ ጡርና ለአራስም እንዲሁ። ታዲያ ለምን ትጾማለች? ስለምትፈራ ነው። ምጡ ቢጠናባት፣ ልጁ ቢታመምባት «ጾም ሽራ ነው» እንደሚሏት ታውቃለች። የሚሏት ደግሞ ሩቅ ሰዎች አይደሉም፤ አማቷና ጎረቤቷ ናቸው። ባልዬውም ቆሞ ይሰማል።

አሁን አንድ የሚያሳፍር ቁጥር ልንገራችሁ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 46ቱ ያህል የቀነጨሩ ነበሩ። በሀገር ደረጃ 38 ነበር። የእኛ አካባቢ እኮ የጤፍና የበቆሎ ሀገር ነው! ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም ገበያ ውጡና እዩ፤ ቅቤና እንቁላሉን ተሸክማ መጥታ የምትሸጠው ያችው እናት ናት። መቀንጨርን ጾም ብቻ ያመጣዋል እያልኩ አይደለም፤ ድህነቱም፣ የውሃው ንጽሕናም፣ በሽታውም አለ። ግን ነገሩ የሚጀምረው ገና በማኅፀን ነው።

ሌላም አለ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጾም የለበትም፣ ይህን የማያውቅ የለም። ሆኖም በጾም ወራት ብዙ እናቶች ለሕፃኑ እንቁላል አይሠሩም፤ ምክንያቱም ድስቱ ይነካካል፣ የቤተሰቡ ወጥ የሚሠራው በዚያው ድስት ነው። አያችሁ? ሕፃኑ የሚጾመው ድስት ጠፍቶ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ይመክራሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን እውነቱን እናውራ፤ የእነሱ አሥር ቀን ምክር የነፍስ አባት ቡና ላይ ቁጭ ብሎ የሚናገራትን አንዲት ቃል አያህልም። ስለዚህ አባቶቻችን፣ እባካችሁ እሷ እስክትጠይቅ አትጠብቁ። አፍራ አትጠይቅም። ቅድሚያ ንገሯት፣ አማቷም ባለችበት።

ባሎችስ? ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ሚስቱ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምታጠባ ሰው ከዚያ በፊት የነፍስ አባቱን ቤት ጠርቶ ያነጋግር። ገበያ ሲወጣ ደግሞ ለልጁ ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስት ገዝቶ ይግባ።