ጤፍ እንደምንገዛው ላፕቶፕም እንግዛ

አባቴ የሚኖሩት ቢቸና ነው። ዕድሜያቸውን በመምህርነት ጨርሰው ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። አንድ ቀን ደወሉና፣ «ልጄ፣ ርካሽ ላፕቶፕ ብታገኚ ላኪልኝማ፤ የእድሩን መዝገብ ልጽፍበት ነው» አሉኝ። የእድሩ ጸሐፊ ናቸው።

እኔም ብዙዎቻችን እንደምናስበው አሰብኩ። ለመጻፍ ብቻ ከሆነ ርካሹ ይበቃል አልኩ። አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ገባሁና ከሁሉ የረከሰውን፣ በካርቶኑ የታሸገ አዲስ ትንሽ ላፕቶፕ ገዝቼ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ዘመድ እጅ ላክሁ። አባቴ መረቁኝ። ከዚያ በኋላ «እንዴት ነው ላፕቶፑ?» ባልኩ ቁጥር መልሳቸው «ደኅና ነው፣ ደኅና ነው» ነበር።

ለፋሲካ ስሄድ ላፕቶፑን ቁም ሣጥኑ ላይ በነጠላ ተጠቅልሎ አገኘሁት። እናቴ ጓዳ ጠርታ በሹክሹክታ ነገረችኝ። «አበላሽቼዋለሁ ብሎ ከነካው ሦስት ወር አለፈው። ልጄ ለፍታ የገዛችውን ሰበርኩባት ብሎ ለአንቺ መንገሩን አፈረ።»

ስከፍተው የተሰበረ ነገር የለውም። ችግሩ ማስቀመጫው 32 ጊጋባይት ብቻ መሆኑ ነው። ዊንዶውስ ራሱን ሲያድስ ቦታውን ሞልቶት፣ አንድ ገጽ ለመክፈት ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ያስጠብቃል። ስክሪኑ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ፊደሉ ጉንዳን ይመስላል። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ስንቱን ልጅ ፊደል ያስቆጠሩ ሰው «እኔ ለዚህ አልሆንም» ብለው እንዲቀመጡ ያደረግሁት ርካሽ ፍለጋዬ ነው።

ማታ ስናወራ ሌላውንም ሰማሁ። የእድሩ መዝገብ ሰበብ ነበር። አባቴ ያስተማሩባቸውን ትምህርት ቤቶች፣ የተማሪዎቻቸውንና የባልደረቦቻቸውን ነገር በአራት ደብተር ጽፈው አስቀምጠዋል። «ዓይኔ ሳይደክም ገልብጬው ለልጅ ልጆቼ ቢቀር ብዬ ነበር» አሉኝ። ሦስቱ ወር የባከነው ከዚያ ጊዜ ላይ ነው።

በዚያው ሰሞን ሞጣ የምትኖረው አክስቴ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ልጇ ከውጭ ገንዘብ ልኮላት ላፕቶፕ ግዢልኝ አለችኝ። አሁን ግን ተምሬያለሁና አስቀድሜ ጠየቅኋት። «አክስቴ፣ ምን ልትሠሪበት ነው?» «ምን እሠራበታለሁ፣ የልጅ ልጆቼን ፊት ሰፋ አድርጌ ልይበት ነው እንጂ» አለች። ለዚህ ላፕቶፕ አያስፈልግም። ሲም ካርድ የሚቀበል ባለ 10 ኢንች ታብሌት ገዛንላት፤ ከላከላት ገንዘብም ተረፋት። የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው ነው። ከዋጋው በፊት ሥራውን ጠይቁ። ማየትና መነጋገር ከሆነ ታብሌት ይበቃል፤ መጻፍና ሰነድ ማስቀመጥ ከሆነ ላፕቶፕ።

ለአባቴ ሁለተኛውን ስገዛ አንድ ኮምፒውተር የሚጠግን ወዳጄን ይዤ ሄድኩ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ለእኛ ቢጤ የሚቀመስ አልሆነም። ወዳጄ የመከረኝ ሌላ መንገድ ነው። በጣም ርካሽ ከሆነ አዲስ ይልቅ ለመሥሪያ ቤት የተሠራ ጠንካራ ያገለገለ ላፕቶፕ ይሻላል አለኝ። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ ዴል ላቲቲዩድ 7490 እና ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 እንዲህ ያሉ ናቸው። ሦስቱም በ2018 እ.ኤ.አ. የወጡ፣ ባለ 14 ኢንች ስክሪን ናቸው።

ስማቸው ብቻ ግን አይበቃም። ጤፍ ስንገዛ ከላይ ያለውን አይተን አንመለስም፤ እጃችንን ወደ ማዳበሪያው ሥር ሰደን ነው የምናወጣው። ላፕቶፕም ከሥሩ መታየት አለበት።

መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን እዩ። አይ5 ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር በ8 ከጀመረ ስምንተኛ ትውልድ ነው፤ ለምሳሌ 8250። ይህ የሚያስፈልገው ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። ከእነዚሁ ላፕቶፖች መካከል ሰባተኛ ትውልድ የተገጠመላቸውም ስላሉ የሽፋኑ ስም አያታልላችሁ።

ሁለተኛ፣ ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ማስቀመጫው ኤስኤስዲ ሆኖ 256 ጊጋባይት ይሁን። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ዲስክ የለውም፤ ቶሎ ይከፍታል፣ በመንገድ መንገጫገጭም አይጎዳም። ደጀን ደርሶ ወደ ቢቸና ለሚታጠፍ ዕቃ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሦስተኛ ባትሪው ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ቶሎ የሚደክመው እዚያ ላይ ነው። ሻጩን «የባትሪ ሪፖርት አውጣልኝ» በሉት። ዊንዶውስ ባትሪው ሲሠራ የነበረውን አቅምና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። አሁን የሚይዘው ከግማሽ በታች ከወረደ ዋጋ አስቀንሱ ወይም ተዉት። እኔ ቲ480ን የመረጥኩት ሁለት ባትሪ ስላለው ነው። አንዱ ከውስጥ ነው፤ የውጪው ላፕቶፑ ሳይጠፋ በሌላ ይቀየራል። መብራት በሚሄድበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን መንቀል፣ ተመልሶ እስኪረጋ መቆየትም ደግ ነው።

አራተኛ፣ ከመክፈላችሁ በፊት አጥፍታችሁ አስነሱት። ከድሮው መሥሪያ ቤት የቀረ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ አትግዙ። የኪቦርዱን ቁልፎች አንድ በአንድ ተጫኑ፤ ካሜራውንና ድምፁንም ሞክሩ።

የገዛሁትን ወዲያው አልላክሁትም። ሁለት ማታ እቤቴ አሳድሬ አዘጋጀሁት። ፊደሉን ወደ 150 በመቶ አሳደግሁት። የአማርኛ መጻፊያ ጫንኩ፤ በዩኒኮድ የሚጽፍ መሆኑን አረጋገጥኩ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው መንገድ የተጻፈ ሰነድ የራሱ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የማይነበብ ምልክት ይሆናል፤ የአባቴ ደብተር ለልጅ ልጅ እንዲቀር ከተፈለገ ይህ መታሰብ አለበት። ኢንተርኔት የሚያገኙት ከስልካቸው በመሆኑም፣ የስልካቸው ሆትስፖት ላይ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አበራሁት፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ ሲታደስ የወር ጥቅላቸውን በአንድ ሌሊት ይበላዋል። የይለፍ ቃሉን በትልቁ ወረቀት ላይ ጽፌ ከቦርሳው ውስጥ ከተትኩ።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ነገርኳቸው። «አባባ፣ በመንካት አይበላሽም። እምቢ ካለዎት ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ ይደውሉልኝ።» እናንተም ለወላጆቻችሁ ስትልኩ ይህን አትርሱ። «ደኅና ነው» ሲሏችሁም አትመኑ፤ «ዛሬ ምን ጻፉበት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ባለፈው እሑድ ጠየቅኋቸው። የመጀመሪያውን ደብተር ጨርሰው ሁለተኛውን ጀምረዋል። የእድሩም መዝገብ ተጽፏል። «ይህን ሁሉ ጽፌ ታዲያ እንዴት አድርጌ ነው የማወጣው? ማተሚያ የሚሉትስ ስንት ነው?» አሉኝ።